ክራሌንዳይክ፦ እንጀራዋን ከባሕር ሥር የምታገኝ ከተማ

የዛሬው ጉዟችን ረጅም ነው። አፍሪካን ለቀን፣ አትላንቲክ ውቅያኖስን አቋርጠን፣ ከደቡብ አሜሪካ በስተሰሜን ወደሚገኘው የካሪቢያን ባሕር እንዘልቃለን። እዚያም ከቬኔዙዌላ ጠረፍ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ቦኔር የምትባል ደሴት አለች። ስፋቷ 290 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ነዋሪዎቿ 25,000 ያህል ናቸው። ዋና ከተማዋ ክራሌንዳይክ ትባላለች። ስሟ በደች ቋንቋ «የኮራል ግድብ» እንደማለት ነው፤ የአገሬው ሰው ግን በአጭሩ «ፕላያ» ይላታል።

ደሴቲቱ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ነው። ይህም ከባሕር ዳር ትንሽ ከፍ፣ ከጎንደር ትንሽ ዝቅ ያለ መስመር መሆኑ ነው። ስለዚህ ከኛ አገር የሄደ መንገደኛ በቀኑና በሌሊቱ ርዝመት አይደናገርም፤ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥምና። የቂብላው አቅጣጫ ግን እንደኛ ወደ ሰሜን ሳይሆን ወደ ምሥራቅ፣ ከምሥራቅም ወደ ሰሜን ያዘነበለ ነው።

በዚህች ትንሽ ደሴት ዝናቡ ጥቂት ነው፤ ወንዝ የለም። መሬቱ ድንጋያማ ሲሆን ቁልቋልና እሾሃማ ዛፍ ይበዛበታል። ነፋስ ከምሥራቅ ያለማቋረጥ ይነፍሳል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ደረቅ ምድር ለማየት በየዓመቱ ከ150,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን፣ ከዚያም የሚበልጥ በግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች የሚመጣው ለምንድን ነው? መልሱ ከምድሩ ላይ አይደለም፤ ከውኃው ሥር ነው።

የሌለው ነገር የጠቀማት ደሴት

ቦኔርን የጠቀማት አንዱ ነገር ድህነቷ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወንዝ ስለሌላት ጭቃ ተሸክሞ ወደ ባሕር የሚገባ ጎርፍ እምብዛም አይኖርም፤ ውኃው እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚመጣ ከተማይቱ ያለችበት የምዕራቡ ዳርቻ ጸጥ ያለ ነው። ከፊት ለፊቷም ክላይን ቦኔር የምትባል ሰው የማይኖርባት ጠፍጣፋ ደሴት ተጋርዳላት ትገኛለች። ካሪቢያንን በየዓመቱ የሚያምሱት ኃይለኛ አውሎ ነፋሶችም አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን በኩል ያልፋሉ።

በሌሎች አገሮች የኮራል ንጣፍ ለማየት በጀልባ ብዙ መጓዝ ያስፈልጋል። በክራሌንዳይክ ግን ከባሕሩ ዳር ጥቂት ሜትሮች ዋኝቶ ወደ ታች መመልከት ይበቃል። በመኪና መንገዱ ዳር ስም የተጻፈባቸው ቢጫ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ የመጥለቂያ ቦታ ያመለክታል። በደሴቲቱና በክላይን ቦኔር ዙሪያ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ከ80 በላይ ናቸው።

ጠዋት ጠዋት በከተማይቱ መንገዶች የሚታየው ከኋላው የአየር ሲሊንደር የደረደረ ፒክአፕ መኪና ነው። እንግዶቹ መኪናውን ከባሕሩ ዳር ያቆሙና ልብሳቸውን ለውጠው ይገባሉ። በመኪናው ውስጥ አንዳች ነገር እንዳይተዉ፣ መስኮቱንም ክፍት እንዲያደርጉ የሚያከራዩአቸው ሰዎች ይመክሯቸዋል፤ ሌባ ከመጣ ቢያንስ መስታወት እንዳይሰብር ነው። ገነት ተብሎ በሚተዋወቅ ቦታም ቢሆን ሰው ሰው ነውና።

ወደ ሱቅ የሚገባ እንግዳ ደግሞ አስቀድሞ «ቦን ዲያ» ማለት ይኖርበታል። «እንደምን አደሩ» ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ «ቦን ታርዲ»፣ ሲመሽ «ቦን ኖቺ» ይባላል። ሰላምታ ሳያቀርብ ዋጋ የሚጠይቅን ሰው የአገሬው ሰው እንደ ባለጌ ያየዋል። ይህ ነገር ለኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ቋንቋቸው ፓፒያሜንቱ ሲሆን ከፖርቱጋልኛ፣ ከስፓኒሽ፣ ከደችና ከአፍሪካ ቋንቋዎች ተዋህዶ የተወለደ ነው። ይህ ቋንቋ እንዴት እንደተፈጠረ ለማወቅ ግን ወደ ደሴቲቱ ደቡብ፣ ወደ ጨው ሜዳው መሄድ ያስፈልጋል።

ነጩ ክምርና ጠባቦቹ ጎጆዎች

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደሴቲቱ ጥንታዊ ነዋሪዎች ካኬቲዮ የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ። ስፔናውያን በ1499 ደረሱ። ወርቅ ባለማግኘታቸው ደሴቶቹን «የማይጠቅሙ» ብለው ፈረጇቸውና ነዋሪዎቹን በ1515 ገደማ በባርነት ወደ ሂስፓኞላ ደሴት አጋዟቸው። በ1636 ደግሞ ደቾች ያዟት። እነርሱም «የማይጠቅም» የተባለው ምድር አንድ የሚጠቅም ነገር እንዳለው አወቁ፤ ጨው ነው። የባሕር ውኃ ዝቅ ወዳለው ሜዳ ይገባል፣ ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል፣ ጨው ይቀራል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ጠራራ ፀሐይ፣ ዓይን በሚያቃጥል ነጸብራቅ፣ ቁስል በሚያነድ ጨው ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚቆፍርና የሚሸከም ሰው ያስፈልገዋል። ለዚህ ሥራ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን መጡ።

ዛሬም ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ በባሕሩ ዳር የተደረደሩ ትንንሽ የድንጋይ ጎጆዎች ያያል። የተሠሩት በ1850 ነው። በራቸው ዝቅ ያለ በመሆኑ ጎንበስ ብሎ፣ አንዳንዱም በጉልበት ተንበርክኮ ካልሆነ አይገባም፤ ውስጡም አንድ ትልቅ ሰው ቀጥ ብሎ አያስቆምም። ሠራተኞቹ በሳምንቱ ቀናት የሚያድሩት በእነዚህ ነበር። ቤተሰቦቻቸው የሚኖሩት ግን በስተሰሜን ሪንኮን በምትባል መንደር ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲፈቱ ሰባት ሰዓት ያህል በእግራቸው ተጉዘው ልጆቻቸውን ያያሉ፤ እሑድ ደግሞ ያንኑ መንገድ ይመለሳሉ። አንድ አባት ልጁን ለአንድ ቀን ለማየት አሥራ አራት ሰዓት ይራመድ ነበር ማለት ነው።

ከጎጆዎቹ አጠገብ ረጃጅም የድንጋይ ሐውልቶች ይታያሉ። ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና ብርቱካንማ ቀለም የተሰጣቸው ሲሆን ጨው ሊጭኑ የሚመጡ መርከቦች የት መቆም እንዳለባቸው ከሩቅ የሚያዩባቸው ምልክቶች ነበሩ። ባርነት በደች ካሪቢያን ደሴቶች የቀረው በ1863 ጁላይ 1 ቀን ነው። የጨው ሥራው ግን እስከ ዛሬ አለ፤ አሁን የሚሠራው በማሽን ነው። ከሩቅ እንደ በረዶ ተራራ የሚታየው የጨው ክምር በማጓጓዣ ቀበቶ ተጉዞ በመርከብ ይጫናል። የሚደርቀው ውኃ በውስጡ ባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ምክንያት ሮዝ ቀለም ይይዛል፤ ፍላሚንጎ የሚባሉት ሮዝ ወፎችም በዚያው አካባቢ ይመገባሉ።

ጎብኚዎች በጨው ወደቡ ምሰሶዎች መካከል ይጠልቃሉ፤ ከዚያም ወጥተው በጎጆዎቹ ፊት ፎቶግራፍ ይነሳሉ። ጎጆዎቹ እንዲሁ ቆመው ይታያሉ፤ ታሪካቸውን ያላነበበ ሰው የልጆች መጫወቻ ሊመስሉት ይችላሉ።

መጥለቅ እንዴት ያለ ነገር ነው?

ለወጣት አንባቢዎቻችን ስለ መጥለቅ ጥቂት እናብራራ። ብዙ ሰው ጠላቂዎች በጀርባቸው የሚሸከሙት ኦክሲጅን ይመስለዋል። አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እኛ የምንተነፍሰው ተራ አየር ተጨምቆ የገባበት ሲሊንደር ነው። ሰው ወደ ታች በወረደ ቁጥር የውኃው ክብደት ይጫነዋል። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት ከላይ ካለው እጥፍ ነው፤ በ20 ሜትር ሦስት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ግፊት የተነሣ በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል።

የለስላሳ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት አረፋው እንዴት እንደሚገነፍል አስቡ። ጠላቂውም በፍጥነት ወደ ላይ ቢወጣ በደሙ ያለው ናይትሮጅን እንዲሁ አረፋ ይሆናል፤ ሽባ ሊያደርገው፣ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ 5 ሜትር ላይ ሲደርስም ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆማል። ከጠለቀም በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ያህል ሳያልፍ አውሮፕላን አይሳፈርም። አደጋ ለደረሰበት ሰው ክራሌንዳይክ ውስጥ የግፊት ማከሚያ ክፍል አለ።

ውኃ ውስጥ መነጋገር ስለማይቻል በእጅ ምልክት ይግባባሉ። አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሳት በየብስ «ጥሩ ነው» ማለት ሲሆን በባሕር ውስጥ ግን «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው። ደህና መሆን የሚገለጸው አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አገናኝቶ ቀለበት በመሥራት ነው። ደግሞም ማንም ብቻውን እንዳይጠልቅ ይመከራል፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይገባሉ፣ የአንዱ አየር ቢያልቅ ከጓደኛው ይተነፍሳል። ባሕር ትዕቢተኛን አይወድም።

ጦሩን የጣለው ካፒቴን

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቦኔር ለልጆቿ ሥራ አልነበራትም። ወንዶቹ ወደ ጎረቤት ደሴቶች፣ ወደ ኩራሳውና ወደ አሩባ የነዳጅ ማጣሪያዎች እየሄዱ ሠርተው ገንዘብ ይልኩ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በክራሌንዳይክ ዳርቻ ጀርመናውያን የሚታሰሩበት ካምፕ ተሠራ። ጦርነቱ ሲያበቃ የካምፑ ቤቶች ወደ ሆቴልነት ተለወጡ። የደሴቲቱ የእንግዳ መቀበያ ሥራ የጀመረው በእስር ቤት ግድግዳዎች ውስጥ ነው ማለት ነው።

በ1962 ዶን ስቱዋርት የሚባል የካሊፎርኒያ ተወላጅ በመርከብ እየተንከራተተ ወደዚህ ደረሰ፤ በኋላ ሁሉም «ካፒቴን ዶን» ይለው ነበር። እርሱ በመጀመሪያ ባሕሩን ለመጠበቅ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ዓሣ በውኃ ውስጥ ጦር የሚወጋ አዳኝ ነበር። ዳሩ ግን ሲቆይ ትላልቆቹ ዓሦች እያለቁ፣ የመርከብ መልሕቅ ኮራሉን እየሰባበረ መሆኑን አየ። ጦሩን ጣለና ለባሕሩ ተሟጋች ሆነ። በ1971 ዓሣን በውኃ ውስጥ በጦር መውጋት በሕግ ተከለከለ። ካፒቴን ዶን መልሕቅ ከመጣል ይልቅ ጀልባዎች የሚታሰሩባቸው ቋሚ ተንሳፋፊዎች እንዲተከሉ ደክሟል። በ2014 ሲሞት የ88 ዓመት ሽማግሌ ነበር።

በ1979 ደግሞ የቦኔር ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ተቋቋመ። ፓርኩ ከዳርቻው እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ድረስ ደሴቲቱን ዙሪያዋን ይከባል፤ 2,700 ሄክታር ያህል ይሸፍናል። ክላይን ቦኔርም ከባለሀብት እጅ በ1999 ተገዝታ ለሕዝብ ሆነች፤ ሆቴል ሳይሠራባት ቀረች። ዛሬ የባሕር ኤሊዎች በአሸዋዋ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ።

የእንግዳ ግዴታ

በሌላ ቦታ እንግዳ ገንዘቡን ከከፈለ እንደፈለገ ይሆናል። በቦኔር ግን መጀመሪያ ይማራል። ማንኛውም ጠላቂ፣ ሺህ ጊዜ የጠለቀም ቢሆን፣ ስለ ፓርኩ ሕግ ገለጻ ሳይሰማና ለሙከራ አንድ ጊዜ ሳይጠልቅ በነፃ አይሰማራም። ጓንት ማድረግ ክልክል ነው። ምክንያቱም ጓንት ያደረገ ሰው የሚያየውን ሁሉ መንካት ያምረዋል፤ ባዶ እጁን የሆነ ግን ይጠነቀቃል። ኮራል መንካት፣ ዛጎል ይዞ መሄድ፣ መልሕቅ መጣል አይፈቀድም።

ፓርኩን ለማስተዳደር ከ1992 ጀምሮ ከጠላቂዎች በዓመት 10 ዶላር መሰብሰብ ተጀመረ። በወቅቱ እንግዶቹ ይሸሻሉ ብለው የፈሩ ነበሩ፤ አልሸሹም። ዛሬ ክፍያው 40 ዶላር ደርሷል፤ የሚከፍለውም ጠላቂው ብቻ ሳይሆን ለዋናም ሆነ ለጀልባ ወደ ባሕሩ የሚገባ እንግዳ ሁሉ ነው። ገንዘቡ የተንሳፋፊዎቹን ጥገናና የጠባቂዎቹን ደመወዝ ይሸፍናል።

ጠላቂዎች ከሚወዷቸው ቦታዎች አንዱ ግን ተፈጥሮ የሠራችው አይደለም። በ1984 ሂልማ ሁከር የምትባል የጭነት መርከብ ተበላሽታ ወደ ክራሌንዳይክ ተጎትታ መጣች። ባለሥልጣናት ሲፈትሿት በድብቅ ግድግዳ ውስጥ ከ10 ቶን በላይ ማሪዋና ተገኘባት። ባለቤት ነኝ ብሎ የቀረበ ጠፋ። ውኃ እያስገባች ስለነበር ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደች፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 12 ቀንም ሰጠመች። ዛሬ 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ በጎኗ ተጋድማ የዓሣ ቤት ሆናለች። ለወጣቶች መርዝ ልትሆን የነበረች መርከብ መጨረሻዋ እንዲህ ሆነ።

ከውኃው ሥር ያለው ጭንቀት

ኮራል (በዓረብኛ መርጃን) ብዙ ሰው እንደሚመስለው ድንጋይ ወይም ተክል አይደለም፤ እንስሳ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ከባሕሩ ኖራ እያወጡ ከሥራቸው ቤት ይሠራሉ። በሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩ ከዓይን የተሰወሩ ተክል መሰል ፍጥረታት ደግሞ የፀሐይን ብርሃን ወደ ምግብ ለውጠው ያበሏቸዋል። የብዙ ኮራሎች ቤት በዓመት የሚያድገው በጣት ስፋት እንኳ አይደለም፤ በሚሊ ሜትር ነው። አንድ መልሕቅ በደቂቃ የሚሰብረው መቶ ዓመት የፈጀ ሊሆን ይችላል።

ውኃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኮራሉ እነዚያን አብሮ አደሮቹን ያስወጣል፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሙቀቱ ከቆየም በረሃብ ይሞታል። ሌሎች ጠላቶችም አሉት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአጋዘን ቀንድ የሚመስሉትን የኮራል ዓይነቶች በሽታ ፈጃቸው። በ1983 አካባቢ ደግሞ በመላው ካሪቢያን የባሕር ጃርቶች በወረርሽኝ አለቁ። እነርሱ ኮራሉን የሚሸፍነውን አልጌ እየበሉ ያጸዱ ነበር። በቀቀን ዓሣ የሚባለውም ይህንኑ ሥራ ስለሚሠራ ቦኔር በ2010 እርሱን ማጥመድ ከለከለች።

በ2009 ደግሞ ከህንድና ከፓሲፊክ ውቅያኖሶች የመነጨው መርዛማ እሾህ ያለው አንበሳ ዓሣ በቦኔር ውኃ ታየ። በካሪቢያን የሚያስፈራው አውሬ ስለሌለ ትንንሾቹን ዓሦች ያለከልካይ ይውጣቸዋል። የደሴቲቱ ሰዎች ጦር የሚከለክለውን ሕግ ለዚህ ዓሣ ብቻ አላሉት፤ ፈቃድ ያገኙ በጎ ፈቃደኞች እየጠለቁ ያድኑታል፣ ሥጋውም ይበላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በ2023 መጣ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በፍሎሪዳ የታየው፣ ድንጋያማ ኮራሎችን በሳምንታት ውስጥ የሚገድለው በሽታ በዚያ ዓመት በቦኔር መኖሩ ተረጋገጠ። አንዳንድ የመጥለቂያ ቦታዎች ተዘጉ፤ ጠላቂዎች ዕቃቸውን በፀረ ተሕዋስያን እንዲያጥቡ ታዘዙ። በዚያው ዓመት የባሕሩ ሙቀት ከልክ አለፈ። መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ የኖሩ ኮራሎች ሞቱ። ከ2012 ጀምሮ ግን በባሕሩ ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ባሉ የፕላስቲክ ቱቦዎች ላይ የኮራል ችግኝ እያንጠለጠሉ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ፤ ሲጠነክርም ወስደው በዓለቱ ላይ ይተክሉታል። በሥራው እንግዶችና የደሴቲቱ ወጣቶችም ይሳተፋሉ።

እንግዳው ሲበዛ

የባሕሩ ጭንቀት ከየብሱ ጭንቀት አይለይም። ቦኔር በ2010 ኦክቶበር 10 ቀን የኔዘርላንድስ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ሆነች፤ በ2011 የአሜሪካ ዶላር መገበያያዋ ሆነ። በዚያን ጊዜ ነዋሪዋ 16,000 እንኳ አይሞላም ነበር። ዛሬ 25,000 ገደማ ነው። ከአውሮፓና ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ሰው በዝቶ፣ በደሴቲቱ የተወለዱት ከግማሽ በታች ሆነዋል። በባሕሩ ዳር ቪላዎች ሲሠሩ የመሬትና የቤት ኪራይ ዋጋ ወጣ። ጎብኚን የምታስተናግድ ልጅ ደመወዟ ራሷን የምትችልበት ቤት ለመከራየት ይከብዳታል። በ2015 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ከመራጮቹ 65 ከመቶ ያህሉ አሁን ከኔዘርላንድስ ጋር ባለው ግንኙነት አንስማማም ብለዋል።

ምግቡም ማለት ይቻላል ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው። ቀድሞ የቬኔዙዌላ ጀልባዎች ሙዝና አትክልት ጭነው እየመጡ በከተማይቱ ወደብ ይሸጡ ነበር። በ2018 ጃንዋሪ የቬኔዙዌላ መንግሥት ንግዱን ሲዘጋ የቤት እመቤቶች ርካሹን ፍራፍሬ አጡ። የሚጠጣው ውኃ እንኳ ከባሕር ተጣርቶ የሚገኝ ነው። የቤቶች ፍሳሽ ደግሞ ለብዙ ዓመታት በየጓሮው ጉድጓድ ሲጠራቀም ኖሮ፣ በዓለቱ ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ኮራሉ ይደርስ ነበር። በኋላ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የፍሳሽ ማጣሪያ ተሠራ። ሆቴል በጨመረ ቁጥር ፍሳሹ ይጨምራል፤ ፍሳሹ በጨመረ ቁጥር ሆቴሉ የተሠራበት ምክንያት ይጠፋል።

በ2020 ማርች በኮሮና ምክንያት አውሮፕላኑም መርከቡም ሲቆም፣ ደሴቲቱ በእንግዳ ላይ ብቻ መደገፍ ምን እንደሚያመጣ ቀመሰች። መርከቦቹ ሲመለሱ ደግሞ በአንድ ቀን ሺዎች ከተማይቱን ያጥለቀልቋት ጀመር። ዝቅ ያለው የደቡቡ ምድር፣ ጨው ሜዳውና እነዚያ የባሪያ ጎጆዎች፣ የባሕሩ ከፍታ ሲጨምር ቀድመው የሚሰጉ ናቸው። ይህን ፈርተው የደሴቲቱ ነዋሪዎች ከአንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ጋር ሆነው በ2024 ጃንዋሪ የኔዘርላንድስን መንግሥት ዘ ሄግ ከተማ በፍርድ ቤት ከሰሱ። አቤቱታቸው «በአውሮፓ ያለውን ዜጋ ከባሕር እንደምትጠብቀው እኛንም ጠብቀን» የሚል ነበር።

ማሽላው ከየት መጣ?

ጎብኚው ሁሉ ከባሕሩ ሳይርቅ ይመለሳል እንጂ፣ ወደ ሪንኮን የሚወጣ ሰው ሌላ ቦኔር ያገኛል። ሪንኮን የደሴቲቱ ጥንታዊ መንደር ስትሆን ከባሕር በማትታይ ሸለቆ ውስጥ ናት። አጥሩ የቁልቋል ነው። ፍየሉ በየሜዳው ይሰማራል፤ ሣሩን እየጋጠ አፈሩን ስለሚያራቁት ዝናብ ሲጥል አፈሩ ወደ ኮራሉ መታጠቡ ግን ሌላ ራስ ምታት ነው። የፍየል ወጥ ይሠራሉ፤ ሙስሊም መንገደኛ እርዱን መጠየቅ አለበት። ከበቆሎ ዱቄት የሚገነፋው «ፉንቺ» ገንፎን ያስታውሳል።

ከሁሉ የሚገርመው እህላቸው ነው። «ማይሺ ቺኪ» ይሉታል፤ ትንሹ በቆሎ ማለት ነው። እኛ የምናውቀው ማሽላ ነው! ማሽላ በመጀመሪያ ለሰው ምግብ የሆነው በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ፣ በኛው አካባቢ ነው። ባሕር አቋርጦ በዚያ ደረቅ ምድር በቀለ። አጨዳውም የሚደረገው ጎረቤት ተጠራርቶ በጋራ ነው፤ «ሲማዳን» ይባላል። እኛ ደቦ የምንለው መሆኑ ነው።

አህዮቹም እንዲሁ ዘመዶቻችን ናቸው። ስፔናውያን አምጥተዋቸው ጨውና ውኃ ሲሸከሙ ኖሩ። መኪና ሲመጣ ባለቤት አጥተው በየጫካው ተበተኑ፤ ከ1993 ጀምሮ መጠለያ ተሠርቶላቸዋል። የአህያ ዘር የመጣው ከአፍሪካ የዱር አህያ ሲሆን የመጨረሻዎቹ ዛሬም በአፋር ምድርና በኤርትራ ይገኛሉ። ጨው የሚሸከም አህያ ለአፋር ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

የነገዎቹ ጠላቂዎች

አንድ ነገር ሳንናገር አንለፍ። ለብዙ ዓመታት በክራሌንዳይክ የሚጠልቀው እንግዳው ነበር፤ የአገሬው ልጅ ሲሊንደር ይሞላል፣ መኪና ያጥባል፣ ጀልባ ይነዳል። ኮራሉን የሚያየው በፖስት ካርድ ነበር። አሁን ግን የፓርኩ አስተዳደር ለደሴቲቱ ወጣቶች «ትንንሽ ጠባቂዎች» የሚል ትምህርት አለው። ልጆቹ ስለ ባሕሩ ይማራሉ፣ መጥለቅ ይሠለጥናሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ። ከእነርሱ ውስጥ አድገው የፓርኩ ጠባቂ የሆኑ አሉ።

ውድ አንባቢያን! የቦኔር ጥያቄ የባሕር ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሐይቅ፣ ፏፏቴ፣ ታሪካዊ ከተማ ባለበት ሁሉ እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳውም ገንዘብ ይዞ ይመጣል። እንግዳን ማክበር የሚገባ ነው። ነገር ግን አክባሪው ቤቱን ያጣ እንደሆነ እንግዳውም የሚያርፍበት አይኖረውም። ቦኔሮች ከሌሎች ቀድመው እንግዳውን «ቁጭ በል፣ መጀመሪያ ሕጉን ስማ» ማለታቸው እስካሁን ጠቅሟቸዋል። ጨው ሜዳው ላይ የቀድሞ አባቶቻቸው ለሌላ ሰው ሀብት ሠርተው አለፉ። ልጆቻቸው ለራሳቸው ሀብት ጠባቂ መሆናቸው መልካም ነገር ነው፤ ባሕሩ እስኪያገግም ድረስ ትዕግሥቱን ይስጣቸው።